በስሜ የተሰቀለው ፎቶሽ

ትርንጎዬ፣

«ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ የደብዳቤ ልማድ ሆኖብኝ። ግማሽ መስመር ጽፌ ሰረዝሁት። ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ተዝካርሽን አውጥተናል፤ ካህናቱም የሠፈሩም ሰው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ሄደ፤ ከፈረስ ቤት፣ ከደጋ ዳሞት የሚመጡት ዘመዶችሽም መንገድ ተከፍቶላቸው በጊዜ ደረሱ። ይህን ሁሉ ሌላ ሰው ነግሮሽ ይሆናል፤ ከዚህ ወደ አንቺ የሚመጣ አይጠፋም። እኔ የምጽፍልሽ ሌላ ሰው የማይነግርሽን ነው።

ቤቱ እንዳለ አለ። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ እንደ ጉድ አፈራ፤ የሚለቅመው ጠፍቶ ከሥሩ እየበሰበሰ ዝንብ ይጫወትበታል። ከመንገዱ ማዶ የነበረው ልብስ ሰፊ ሱቁን ለቅቆ የስልክ መሸጫ ሆኗል። ከጎኑ ሁለተኛ የስልክ መሸጫ ተከፍቷል። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ ይከፍታሉ፤ አንዱ ያንዱን ድምፅ ለመዋጥ ይጨምራል፣ እኔ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ሁለቱንም በግዴ እሰማለሁ። የማርፈው መብራት ሲጠፋ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሥራም የለም።

ፎቶ ቤቱ ግን እንዳለ አይደለም። ጉርድ ፎቶ የሚነሣ ሰው ከነአካቴው እየጠፋ ነው። ቢሮው ሁሉ የራሱን ካሜራ ገዝቶ ባለጉዳዩን እዚያው ግድግዳ አስደግፎ ያነሣዋል፤ ደኅናው ሰው ሌባ መስሎ ይወጣል፣ የሚገደው የለም። ሠርጉን ከባሕር ዳር የሚመጡ ወጣቶች ወስደውታል፤ የሚበር ካሜራ አላቸው። ባለፈው ጥር ጅጋ አጠገብ አንድ ሠርግ ተጠርቼ ነበር፣ ለይሉኝታ ብለው መሰለኝ። ያ ነገር ከዳሱ በላይ እየጮኸ ሲዞር የሙሽራው አጎት ዱላቸውን ይዘው ሲያባርሩት ዋሉ። ከሠርጉ ሁሉ ያሣቀኝ እሱ ብቻ ነው። የቀረውን ሰዓት ጥግ ይዤ ቆሜ አሳለፍሁት፤ ካሜራዬን ከቦርሳው ያወጣሁትም ሰው እንዳይታዘበኝ ነው።

አሁን የምኖረው በለቅሶ ነው። ሰው ሲሞት ዘመድ ስልኩን ይዞ እየሮጠ ይመጣል። ስልኩ ውስጥ ሟች ከሰው ትከሻ ኋላ ግማሽ ፊታቸው ይታያል፤ ወይ ድግስ ላይ ጎርሰው ጉንጫቸው ተወጥሯል። «እሳቸውን ብቻ አውጣልን» ይሉኛል፤ «ኮትም አልብስልን፣ ከረባትም ብታደርግላቸው።» አለብሳለሁ። ዕድሜ ልካቸውን ከበርበሬ ማሳ ያልወጡትን የቡሬ ገበሬ ሰማያዊ ኮት አልብሼ፣ የግንባራቸውን መስመር አጥፍቼ፣ በባነር አትሜ እሰጣለሁ። ልጆቻቸው «ልክ እሳቸው!» ብለው ያለቅሳሉ። እሳቸው አይደሉም። አንቺ ብትኖሪ «ተዋቸው አንዳርጌ፣ እንዳሉ ይሂዱ» ትይኝ ነበር፤ እኔም አልሰማሽም ነበር።

ሳልሰማሽ ነው የኖርሁት። ሰው መጥቶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እኔ «ቀጥ በሉ፣ እጅ ጉልበት ላይ፣ ወደዚህ ይዩ» እላለሁ፤ ሰውየውም ትንፋሹን ይዞ እንጨት ይሆናል። አንቺ የተጣመመ ኮሌታ እያቃናሽ፣ ነጠላ እያስተካከልሽ፣ የማን አገር ሰው እንደሆኑ እየጠየቅሽ ትቆዪና ዘወር ትያለሽ። ደንበኛው ሲወጣ ነው የምትነግሪኝ። የሰው ፊት የሚመጣው ካለቀ በኋላ ነው፣ «ተነሥቷል» ሲባል ነው፣ ያኔ ብታነሣ ምን አለበት፣ ትይኝ ነበር። እኔ ፊልም ማባከን ነው እያልሁ እስቅብሽ ነበር። ሙያውን የተማርሁት እኔ፣ ካሜራውን የገዛሁት እኔ፣ የበሩ ላይ ስም የእኔ። የደጋ ዳሞት ልጅ ስለ ፎቶ ምን ታውቃለች ብዬ፣ ጨርሼ ንቄሽ።

ከዚያ የግሽ ዓባዩ ነገር ሆነ። ልጃችን ሰናይት ገና ትምህርት ቤት አልገባችም፣ እናትሽ ዘንድ ትተናት ነው የሄድነው። በጥር ለንግሥ የሚመጣውን ተሳላሚ እያነሣን፣ ስሙንና አጥቢያውን በደብተር እየጻፍን፣ ፎቶውን በኋላ በጅጋ ገበያ እናድል የነበረበት ዘመን ነው። እኔ ከቆላ ሠርግ ይዤው የመጣሁት ወባ እዚያው ብርድ ላይ ተነሣብኝ። ከአንድ ዛፍ ሥር ጋቢ ተከናንቤ ስንቀጠቀጥ፣ ሰው ደግሞ «ፎቶ አንሺው የት አለ» እያለ ሲሰበሰብ፣ ካሜራውን ከአንገቴ አውልቀሽ ወሰድሽ። አልፈቀድሁልሽም፤ መከልከል አቅቶኝ ነው። አንቺ ሴት ነሽ፣ ካሜራ ይዘሽ በካህናት ፊት ስትቆሚ ሰው ምን ይላል እያልሁ በትኩሳቴ መሐል እንኳን የማስበው እሱን ነበር።

አንድ ቄስና ባለቤታቸው ነበሩ፣ ሁለቱም ሸምገል ያሉ። ጎን ለጎን አቆምሻቸው፤ ቄሱ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ ሁለቱም አገጫቸውን ቀና አድርገው እንደ ሁሉም ሰው እንጨት ሆኑ። አንድ አነሣሽ። ከዚያ «ይኸው አለቀ አባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልሽ፣ ካሜራውን ግን አላወረድሽም። ቄሱ ዘና ብለው ከያዙት ጀሪካን ጠበል በጣሳ ቀዱና ለባለቤታቸው አጠጧቸው። በአንድ እጃቸው ጣሳውን ይዘው፣ ሌላውን እጃቸውን ከሴትዮዋ አገጭ ሥር ዘረጉ፣ ጠብታው ነጠላቸው ላይ እንዳይወርድ። ሴትዮዋ እየጠጡ ወደ ላይ ያዩዋቸዋል። ያኔ ነው ቁልፉን የተጫንሽው።

ፊልሙን ባሕር ዳር አሳጥቤ ስመለስ መኪና ላይ ፖስታውን ከፍቼ አየሁት። ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ፤ ቀናሁብሽ። ሌላ ስም አልሰጠውም። ያን ያህል ዘመን ሠርቼ እንደዚያ ያለ ፎቶ አንድም አልነበረኝም፤ መቼም እንደማይኖረኝም እዚያው መኪና ውስጥ ገባኝ። ጅጋ ላይ ቄሱ ፎቷቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ብዙ አዩት፣ አፍረውም ደስ ብሏቸውም መሰለኝ፣ ከዚያ «ያቺ ያነሣችን ልጅ የት አለች?» አሉኝ። ቤት ናት አልኋቸው። «እንግዲያስ እጅዋን ይባርክልኝ በልልኝ» አሉ። እሺ አባ፣ አደርሳለሁ አልሁ። አላደረስሁም። ይኸው ዛሬ ልኬልሻለሁ፤ ቄሱም ካረፉ ቆይተዋልና ምናልባት ራሳቸው ቀድመውኝ ይሆናል።

ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ መስኮቱ ላይ ሰቀልሁት፤ የበደሌ መጀመሪያ እዚያ ነው። አንድ ቀን ከቡሬ የመጣ፣ ባህል ነክ ሥራ ላይ ያለ ሰውዬ ወረቀት ሊያባዛ ገብቶ ፎቶው ፊት ቆሞ ቀረ። ማን እንዳነሣው ጠየቀ። አንቺ ከባንኮኒው ኋላ ጉርድ ፎቶ በመቀስ እየቆረጥሽ ነበር። ቀና አልሽ። አፍሽን ልትከፍቺ ነበር፣ አይቻለሁ። «እኔ ነኝ» አልሁት። አንቺም ወደ መቀስሽ ተመለስሽ። ሰውዬው ከወጣ በኋላ የቤታችን ስም ነው፣ የእኔ ማለት ያንቺ ማለት አይደለም ወይ፣ እያልሁ ብዙ ለፈለፍሁ። «እሺ» አልሽኝ። ያቺ «እሺ» ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን አብረሽኝ ኖረሽዋል። ቡሬ ላይ ለሕዝብ ታየ፣ ምስክር ወረቀት ሰጡኝ፣ «የግሽ ዓባዩ ፎቶ አንሺ» ተባልሁ። ደኅና ደኅና ሠርግ ሁሉ እኔን መጥራት ጀመረ። ሰው እንዴት እንዳነሣሁት ሲጠይቀኝ መጀመሪያ አጭር መልስ ነበረኝ፤ እያደር ታሪኩ አደገ። ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ደመናው እስኪገለጥ ሦስት ሰዓት ጠበቅሁ አልሁ። ቄሱ እንዳያዩኝ ጀሪካን ለጀሪካን እየተሳብሁ ደረስሁ አልሁ። እንግዳ ባለበት ማዕድ ላይ፣ አንቺ ወጥ እየጨመርሽልኝ፣ ይህን ሁሉ በፊትሽ አወራሁ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ካሜራውን ይዤ እስቲ ብቻዬን ጅጋ ገበያ ልውረድ አልሽኝ። «ምነው፣ ባሏ ሞተባት እንዴ ይሉኛል» ብዬ አሣቅሁበት። ደግመሽ አልጠየቅሽም። ሬሳ የሚያስለቅስ ቀልድ ነበር፣ ትርንጎ፣ እኔ ግን ራሴ ሣቅሁበት።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። በግንቦት ቡሬ ላይ ለአንጋፋ ባለሙያዎች ምስጋና ተብሎ ዝግጅት ተደረገ። ጫማ ሰፊም አለ፣ ቀለም ቀቢም አለ፣ እኔም አለሁ። አዳራሹ ስገባ መድረኩ ኋላ ግድግዳውን ሞልቶ ፎቶሽ ተሰቅሏል፤ የቄሱ እጅ ብቻ የእኔን ቁመት ያህላል። ከሥሩ ስሜ። ካባ አለበሱኝ፣ ድምፅ ማጉያውን ሰጡኝ። «ይህን ፎቶ ያነሣሁት እኔ አይደለሁም፣ ያነሣችው ባለቤቴ ትርንጎ ናት፣ እኔ ያን ሰዓት በወባ ተኝቼ ነበር፣ ይህን ሁሉ ዘመን ዋሽቻችኋለሁ» አልሁ። እንዲህ በቀጥታ ነው ያልሁት። ሳልሸፋፍን።

አጨበጨቡልኝ።

ድጋሚ ተናገርሁ፤ በእውነት እላችኋለሁ አልሁ፣ ጭብጨባው ባሰ። ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። መድረክ መሪው ወጣት ማይኩን ከእጄ ቀስ አድርጎ ወስዶ «ይህ ነው እንግዲህ ፍቅር ማለት! ክብሩን ሁሉ ለሟች ባለቤታቸው ሰጡ!» ብሎ ጮኸ። አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ፤ «ሚስትህን አከበርሃት፣ አንተንም ያክብርህ ልጄ» አሉኝ። እኔ የመጣሁት ለመዋረድ ነበር። ተከብሬ ወጣሁ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ፍኖተ ሰላም ገብቷል። የባጃጅ ሹፌሮች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላም ይሉኛል። ንግግሬን አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ የሚያስለቅስ ዋሽንት ከሥሩ አስገብቶ ለቅቆታል፤ እነዚያ ሁለቱ የስልክ መሸጫዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው አንድ ነገር ከፈቱ፣ እሱም የእኔ ድምፅ ሆነ። የጎረቤት ሴቶች ባሎቻቸውን በእኔ ይወቅሳሉ። «እንደ ጋሽ አንዳርጌ ያለ ባል» ይላሉ። በሕይወት ሳለሽ ብሰርቅሽ ስም ወጣልኝ፤ ስትሞቺ ሌብነቴን ብናገር ሌላ ስም ደግሞ ወጣልኝ። ምን ባደርግ እንደምወድቅ አላውቅም።

ማስረጃ ላምጣ ብዬ የድሮውን ፊልም ከሣጥን አወጣሁ። ከቄሱ ፎቶ ቀጥሎ ያለው ላይ እኔ ነኝ፤ ከዛፉ ሥር ጋቢ ተከናንቤ፣ ጥርሴን ገጥሜ። ያን ካነሣሽ በኋላ ወደ እኔ ዞረሽ አንድ ተጭነሽ ኖሯል፤ ከታጠበ ጀምሮ አይቼው ዝም ያልሁት ነው። አስፋፍቼ ለዝግጅቱ ሰዎች ቡሬ ድረስ ወሰድሁላቸው። ሰብሳቢው መነጽሩን አድርጎ አየውና በሐዘኔታ ትከሻዬን ያዘኝ። «አይ ጋሼ፣ እሷ ይህችን ያነሣችው ትዝታ እንዲሆንዎት ነው እኮ» አለኝ። የታመምሁበትን፣ ጫፉ የተቆረጠውን፣ የተንቀጠቀጠውን ላንቺ ሰጠሽ፤ የቄሱን ለእኔ አስቀረው። ሐዘኑ ገና አልወጣለትም ብለው ሻይ ጋብዘው ሸኙኝ።

አንድ ሰው ብቻ አመነኝ። ሰናይት ናት። ሥራ ከያዘችበት ከባሕር ዳር፣ ንግግሩን ስልኳ ላይ አይታ ደወለችልኝ። ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ድምፅዋ ደረቅ ነው። ማትሪክ ልትፈተን ስትዘጋጅ ፎቶውን ያነሣሽው አንቺ መሆንሽን ነግረሻት ኖሯል። ነግረሽም «አባትሽን በሰው ፊት እንዳታሳፍሪው» ብለሽ አስምለሻት ኖሯል። ይህን ያህል ዓመት እኔ ረስተሽዋል ብዬ ስጽናና፣ ሁለታችሁ እኔን ስትጠብቁ ኖራችኋል፤ እኔ ታሪኬን ለእንግዳ በጀመርሁ ቁጥር ልጄ ለምን ከማዕዱ እንደምትነሣ ያኔ ገባኝ። ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ፣ የዚህ ደብዳቤ ነገር እሱ ነው። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፣ ላንቺ ግን በቃሌ አልነገርሁሽም።

የመጨረሻው ሳምንትሽ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ በመስኮት አልጋሽ ላይ ደርሷል፣ ሰናይት ከእግርሽ ሥር መሬት ቁጭ ብላ ጥፍርሽን ትቆርጥልሻለች። ድንገት ዓይንሽን ገልጠሽ «እስቲ አንዳርጌ፣ ያን የቄሱን ፎቶ እንዴት እንዳነሣኸው ንገረኝ» አልሽኝ። በቀስታ፣ ያለ ቁጣ። እኔም ጨዋታ ያማረሽ መስሎኝ፣ ሕመሙን ላስረሳሽ ብዬ፣ ነገርሁሽ። ጭቃውን ነገርሁሽ። ደመናውን ነገርሁሽ። ከወንበሬ ተነሥቼ እንዴት እንደተንበረከክሁ እንኳን አሳየሁሽ። ላንቺ፣ ትርንጎ። ካሜራውን ከአንገቴ ላወለቅሽው ላንቺ። ውሸቱን ከማብዛቴ የተነሣ ከማን ጋር እንደማወራ ጠፋኝ። እስከ መጨረሻው ሰማሽኝ። «ብዙ ደክመሃል» አልሽኝ።

ሰናይት በስልክ ያለችኝ አንድ ነው። «እማዬ ያን ቀን የጠየቀችህ ሳታውቀው ቀርታ መሰለህ?» አለችኝና ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ አልደወለችልኝም። እኔም ስደውል አታነሣም። በእርሷ አልፈርድም፤ አገር ሁሉ ሲያደንቀኝ በትክክል ያየችኝ እሷ ናትና እንዲያውም ቁጣዋ ይሻለኛል። ከመድረኩ ፎቶ ሥር ያለውን ስም እንዲቀይሩ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ እምቢ ካሉም ደግሜ እጽፋለሁ። የመስኮታችንን ራሴ አውርጄ ከሥሩ ስምሽን ጽፌ ሰቅዬዋለሁ። አላፊው አግዳሚው አይቶ «አይ ፍቅር!» ብሎ ያልፋል።

አስታውስሻለሁ ብሎ መማል ለሁሉም ሰው ይቀላል። ሰው በፎቶሽ ያስታውስሽ፣ ካመነም ባያምንም። እኔ ሌላ ነው የምይዘው። ያን ከሰዓት ታሪኬን ጨርሼ ስቀመጥ፣ ወደ ግድግዳው ከመዞርሽ በፊት ለአንድ አፍታ አየሽኝ። እንባም ቁጣም አልነበረበትም፤ የጠበቀችው ሰው እንደማይመጣ ቁርጧን ያወቀች ሴት ፊት ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን የሰው ፊት ሳነሣ ኖሬ ከዚያ በላይ ግልጽ ፊት አላየሁም። እሱን አላሳምረውም፣ አላደበዝዘውም፣ ታሪክም አልጨምርበትም። በሕይወት እስካለሁ እንዳየሁት ይዤው እኖራለሁ።

አንዳርጌ፣
ከፍኖተ ሰላም